ቤተ መጻሕፍቱ የንባብ አዳራሽ ብቻ ነው ለሚለው አስተሳሰብ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በስብሰባም ሆነ በሻይ ሰዓት ሲነሣ የሚሰማው አስተያየት ከጊዜ ወደ ጊዜ አንድ ዓይነት እየሆነ መጥቷል። ተማሪው መጽሐፉን በስልኩ ይዞታል፤ የጎደለውን ከቴሌግራም ያወርዳል፤ መምህሩም የሚፈልገውን ጽሑፍ ከኢንተርኔት ያገኛል። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ከእንግዲህ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መብራትና ጸጥታ ነው፤ መመደብ፣ ካታሎግ ማድረግ፣ ማዋስና መመለስ የሚባለው ሥራ ጊዜው አልፎበታል ይባላል። ይህን የሚሉት ለትምህርት ግድ የሌላቸው ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ጠባቡን በጀት ከየት ወዴት እናዙረው እያሉ የሚጨነቁ ናቸው። ሐሳቡ ግን ስሕተት ነው፤ እንደ ደብረ ታቦር ባለ የደጋ ከተማ ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

እውነት ያለበትን ላስቀድም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ «ሦስተኛው ትውልድ» ከሚባሉት አንዱ ሆኖ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ስማርት ስልክ እንደ ዛሬው በየተማሪው እጅ አልገባም ነበር። ዛሬ ገብቷል። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ግዴታ ከሆነ ወዲህ ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው ፈተና ሲቃረብ የንባብ አዳራሽ ይጨናነቃል፤ ከራት በፊት ደብተር አስቀምጦ ቦታ ያልያዘ መቀመጫ አያገኝም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ የጉና ተራራ ብርድ በሚወርድበት ሌሊት፣ ከተጨናነቀ ዶርም ወጥቶ የበራና ነፋስ የማይገባበት አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ ትልቅ ነገር ነው። ወንበር ይጨመር የሚል ካለ አብሬው እፈርማለሁ። ነገር ግን የአዳራሹ መሙላት መጽሐፍ የማቅረቡ ሥራ አብቅቶለታል ለማለት ማስረጃ አይሆንም። የተቀመጠው ተማሪ ምን እያነበበ ነው? የሚያነበውንስ እንዴት አገኘው? ክርክሩ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያነበው ከጓደኛ ወደ ጓደኛ የተላለፈ ፒዲኤፍ ነው። ሽፋን የለውም፤ የርእስ ገጹ ተቆርጧል፤ ስንተኛ እትም እንደሆነና መቼ እንደታተመ የሚናገር ነገር የለም። ለጤና ተማሪ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ምሳሌውን ከዚሁ ከደቡብ ጎንደር ዞናችን ልውሰድ። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ካላ አዛር በወረርሽኝ መልክ መግባቱ ታወቀ። በሽታው እስከዚያ ድረስ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በዋናነት የሚታወቀው በመተማና በሑመራ ቆላ ስለነበር መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። የቆየው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለውን መርፌ ብቻውን ለ30 ቀን መስጠት ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ግን የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ ለምሥራቅ አፍሪካ መድኃኒቱን ከፓሮሞማይሲን ጋር አጣምሮ ለ17 ቀን መስጠትን መከረ። ዓመቱ የጠፋ ፋይል ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያስተምር አንባቢው ማወቂያ የለውም። ካታሎግ የተደረገ መጽሐፍ ግን እትሙም ዓመቱም ከመዝገቡ ላይ ይነበባል፤ አዲስ እትም ሲገባ አሮጌውን ከሼልፍ ማንሣትም የባለሙያው ሥራ ነው። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ አሮጌ ፋይል ማን ያነሣዋል?

«እንግዲያው ትክክለኛውን ከኢንተርኔት ይፈልግ» የሚል መልስ ይመጣል። ይፈልግ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሂናሪ፣ ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ጥላ ሥር ከተሰባሰቡት ጋር፣ ለኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ተቋማት በነጻ የተከፈተ ነው። በር የሚከፍተው ግን ለተቋም እንጂ ለግለሰብ አይደለም፤ ተመዝግቦ የይለፍ ቃሉን የሚይዝ፣ ለተማሪ የሚሰጥና አጠቃቀሙን የሚያሠለጥን ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ከሌለ ነጻ የተሰጠው ሀብት እያለ ተማሪው ክፈል በሚል ገጽ ፊት ቆሞ ይቀራል።

ከበሩ ከገባ በኋላም ሌላ ችግር አለ። ሊቦ ከምከም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ተጋጥሞም ተለያይቶም ይገኛል፤ አንዱ አናባቢም ከጽሑፍ ጽሑፍ ይለያያል። በአንዱ አጻጻፍ የፈለገ በሌላው የታተመውን አያይም። ወደ ኋላ ሲኬድ ደግሞ የአካባቢው ስም ራሱ ይቀየራል። ዛሬ ደቡብ ጎንደር የምንለው በንጉሡ ዘመን የበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት አካል ነበር፤ በደርግ ጊዜ በጎንደር ክፍለ ሀገር ውስጥ ሆነ። ስለ ጋይንት እርሻ ወይም ስለ ፋርጣ የመሬት ይዞታ የሚያጠና ተማሪ «ደቡብ ጎንደር» ብሎ ሲፈልግ ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ ያመልጠዋል፤ ማምለጡንም አያውቅም። የማጣቀሻ ክፍል ባለሙያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። «በጌምድር ብለህ ሞክር፤ ደግሞም በአውራጃው ስም» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር የሳምንት ልፋት ታድናለች።

የአማርኛው ካታሎግ ከዚህም የባሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የተክለ ጻድቅ መኩሪያን «ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» እንውሰድ፤ ለደብረ ታቦር አንባቢ ከዚህ የቀረበ መጽሐፍ የለም። የመጀመሪያው ቃል በአ፣ በዐ፣ በዓ ወይም በኣ ሊጀምር፣ በፄ ወይም በጼ ሊያልቅ ይችላል። አራት በሁለት ስምንት ነው፤ ለአንዲት ሁለት ፊደል ቃል ስምንት አጻጻፍ። ለአንባቢው ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የማይተዋወቁ ምልክቶች ናቸው። የደራሲው ስምም በጻ እና በፃ ይለያያል፤ በዚያ ላይ ሶፍትዌሩ በውጭ አገር ልማድ የአባትን ስም ወደ ፊት አምጥቶ «መኩሪያ፣ ተክለ ጻድቅ» ብሎ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ የእኛ ተማሪ ግን በመ ሥር ሊፈልገው አያስብም። የኅትመቱ ዘመን 1981 በእኛ አቆጣጠር ነው። መዝገቡ ዓ.ም. መሆኑን ካልተናገረ መጽሐፉ ከእውነተኛ ዕድሜው በሰባትና ስምንት ዓመት ያረጃል። ከኒውዚላንድ የመጣውን ኮሃን የመሰለ ነጻ ሶፍትዌር መጫን የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። የትኛው አጻጻፍ ዋና እንደሚሆን ወስኖ ሌሎቹን ወደ እሱ የሚመራ መዝገብ መሥራት ግን ፊደሉን የሚያውቅ ሰው የዓመታት ሥራ ነው፤ ከውጭ ገዝቶ ማምጣት አይቻልም።

ሼልፉ ላይም እንዲሁ ነው። በዲዊ አመዳደብ የኢትዮጵያ ታሪክ ቁጥር 963 ነው። ያው መጽሐፍ በጥድፊያ 936 ላይ ቢገባ የጥንት አውሮፓ ታሪክ መካከል ይቀመጣል፤ ካታሎጉ አለ ይላል፤ ተማሪው ሄዶ ያጣዋል፤ ጠፍቷል ተብሎ ይመዘገባል። ጠዋት ጠዋት አዳራሹ ሳይሞላ ሼልፍ በሼልፍ ቁጥር እያነበቡ የሚያስተካክሉ ሠራተኞች የሚሠሩትን ከደጅ የሚያልፍ ሰው አቧራ ማራገፍ ሊለው ይችላል። እነሱ የማያነቡት ሼልፍ በሁለት ዓመት ውስጥ ዝም ብሎ የመጽሐፍ ክምር ይሆናል።

አንድ ኮፒ ብቻ ያለው መጽሐፍ ለስልሳ ተማሪ ምን ይፈይዳል የሚለው ክርክርም ቁጥሩን ካለማስላት የመጣ ነው። በ16 ሳምንት ሴሚስተር አንዱ ኮፒ ለሁለት ለሁለት ሳምንት ቢዋስ ስምንት ሰው ይደርሰዋል። ሪዘርቭ ተደርጎ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት በሁለት ሁለት ሰዓት ቢሰጥ በቀን አምስት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሠላሳ፣ በሴሚስተሩ 480 ጊዜ ይነበባል። ልዩነቱን የሚያመጣው በሰርኩሌሽን መስኮቱ የተቀመጠው ሰው እንጂ ተጨማሪ ግዢ አይደለም።

ካታሎግ ማድረግ ማንም ተመድቦ የሚሠራው የጽሕፈት ሥራ ነው የሚለውን ደግሞ ታሪካችን ራሱ አይቀበለውም። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ መጻሕፍትም ይሰበስቡ ነበር፤ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተወሰዱት ብራናዎች ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ታስበው ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ዘረፋቸው፤ 350 ገደማ የሚሆኑት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዘረፋ መሆኑ አያከራክርም፤ ሊመለሱ ይገባል። ቀጥሎ የሆነው ግን ለዚህ ክርክር ትምህርት አለው። በ1872 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወደ ለንደን ጽፈው ክብረ ነገሥትን ጠየቁ። ስሙን ብቻ አልጠቀሱም፤ የአገሪቱ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በውስጡ እንደሚገኝም አስረዱ። መጽሐፉ ተለይቶ ተገኘና ተመለሰ። በ1877 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዊልያም ራይት እያንዳንዱን ብራና ከነይዘቱና ከነባለቤት ማስታወሻው የገለጸበትን ካታሎግ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ የጎንደርን ዘመን የሚያጠኑ ብዙዎች የራይትን ካታሎግ እየጠቀሱ ይጽፋሉ።

እዚሁ የቀሩትስ? ዞናችን ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆኑበት ነው። ደብሮቻችን ንብረታቸውን፣ መጻሕፍቱን ጭምር፣ በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ የመዘርዘር የቆየ ልማድ አላቸው፤ የዝርዝር ሥራ ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው አንድ ቅጂ አሜሪካ ሚኔሶታ ሲገባ፣ ምን እንደያዙ በዋናነት ለዓለም የገለጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በጥይት ከተጎዱ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለአሥርተ ዓመታት ብራና ከብራና እያስተያዩ መዘገቡ። በ1988 እ.ኤ.አ. የማክአርተር ሽልማት ሲሰጣቸው የዕለት ተዕለት ሥራቸው ካታሎግ ነበር። ይህን ሙያ ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰው የእኝህን ሊቅ ገጾች ገልጦ ይመልከት።

የስልኩን ክርክር ከሁሉ በላይ ያፈረሰው ግን ያለፉት ዓመታት ኑሮ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። ሁሉ ነገር መስመር ላይ አለ የሚለው ዕቅድ በዚያ ወቅት ለተማሪው ምን ሰጠው? ቀድሞ ያወረደው ፋይል ቀረው፤ ያላወረደው አልነበረም። የተመደበ መጽሐፍና በግቢው ውስጥ የተቀመጠ ዲጂታል ስብስብ ግን የውጭውን መስመር አይጠብቅም። ዲስፔስን የመሰለ የማከማቻ ሥርዓት በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ ከተጫነ፣ ግቢው ውስጥ በተዘረጋው ኔትወርክ፣ የውጭው ኢንተርኔት ቢጠፋም ይከፈታል።

እዚያ ውስጥ መግባት ያለበት ከምንም በፊት የራሳችን ሥራ ነው። በየዓመቱ ተመራቂዎች ስለ ፎገራ ሩዝ፣ ስለ ፋርጣ ድንች፣ ስለ ጉና አፈር መሸርሸር፣ ስለ ሊቦ ከምከም ጤና ጣቢያዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ያስረክባሉ። ይህን ለንደንም ሚኔሶታም የሚያስቀምጥልን የለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው አገር አቀፍ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር በተቋማዊና በአገር አቀፍ ማከማቻ እንዲገባ ያዝዛል። ጥራዙ ግን ዲፓርትመንት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ከቀረ፣ ቀጣዩ ተማሪ ያንኑ ቀበሌ ያንኑ መጠይቅ ይዞ እንደ አዲስ ይጠይቃል፤ ገበሬውም ያንኑ መልስ ይሰጣል።

የሚያስፈልገው አንድ ሰርቨር፣ አንድ ስካነር፣ ፊደሉንም ቦታውንም የሚያውቁ ሁለት ሦስት ካታሎገሮች ናቸው። ሰዎቹ ብዙ ጊዜ አሉ፤ በኢንፎርሜሽን ሳይንስ የተመረቁ ሆነው በር ላይ መታወቂያ ሲያዩና ቦርሳ ሲፈትሹ የሚውሉ አውቃለሁ። እነሱን ወደ ካታሎግ ክፍሉ መመለስ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ ከመጪው መስከረም ሊጀመር ይችላል።