ስለ ዓሣ ጫጩት የመጀመሪያ ምግብ

ኩሬ ያስቆፈረ ሁሉ ዓሣ አረባ አይባልም። ከብት አርቢ ከበረቱ አስቀድሞ የሣሩን ነገር እንደሚያስብ፥ በቆቦና በራያ ቆላ ዓሣ ለማርባት የሚነሣ ሰውም ከኩሬው ስፋት አስቀድሞ ጫጩቱ የሚበላውን ማሰብ ይገባዋል። ሹማምንትም የተቆፈረውን ኩሬ ብቻ ቆጥረው ሥራው ተፈጸመ ቢሉ፥ የገበሬው ድካምና የመንግሥት ገንዘብ በከንቱ ይቀራል።

የቆሮሶ ጫጩት የደቀቀ ደረቅ ምግብ ከጅምሩ ይቀበላል። የአምባዛ ጫጩት ግን ከእንቁላሉ ይዞት የወጣውን ስንቅ በጥቂት ቀን ከጨረሰ በኋላ፥ በውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ደቃቅ ሕያው ምግብ ካላገኘ ብዙው ያልቃል። በመስተዋት ገንዳ ለጌጥ ከሚያዙት ዓሦችም የብዙዎቹ ጫጩቶች እንደዚሁ ናቸው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆነው አርቴሚያ የሚባል የጨው ባሕር ደቃቅ ፍጥረት ነው። እንቁላሉ ደርቆ ለዓመታት ሳይሞት ይቀመጣል፤ ጨዋማ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ለዓሣ ጫጩት ምግብነት መስማማቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካና በኖርዌይ ከታወቀ ወዲህ በብዙ አገር ይሠራበታል። በ1 ግራም ውስጥ ከ200,000 የሚበልጥ እንቁላል ይገኛል።

አሠራሩም በቤት የሚቻል ነው። በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ከ25 እስከ 35 ግራም ጨው ይሟሟል፤ 1 ግራም እንቁላል ይጨመርበታል፤ ብርሃን ባለበት ስፍራ ተቀምጦ ከሥሩ በቀጭን ቱቦ አየር ሳያቋርጥ ይነፋበታል። የውሃው ሙቀት ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ከዚያም አየሩ ይቆማል፤ ባዶው ቅርፊት ይንሳፈፋል፥ ሕያዋኑም ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ። እነርሱን በቱቦ ቀድቶ፥ በስስ ጨርቅ አጥልሎ፥ በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ ወዲያው ማብላት ነው፤ በቆዩ ቁጥር ስንቃቸው ይቀንሳልና። ጨው በሌለው ውሃ በጥቂት ሰዓት ስለሚሞቱ፥ ጥቂት በጥቂቱ ካልተሰጠ ትርፉ ኩሬውን ያበላሻል።

ደገኛው ውሃውን ለማሞቅ ይቸገራል። የራያ ቆላ ሙቀት ግን ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ጨውም ከጎረቤቱ ከአፋር ምድር ይመጣለታል። የሚጎድለው ከውጭ አገር የሚገዛው እንቁላል ነው፤ ዋጋው ቀላል ስላልሆነም ለመጀመሪያዎቹ ቀኖች ብቻ ሊውል ይገባል። ከዚያ በኋላ ጫጩቱ ወደ ደረቅ ምግብና በፍግ በለማ ኩሬ ወደሚራቡት ደቃቅ ፍጥረቶች ይሻገራል።

የውሃ ምግብ የማያልቅ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን የደቡብ ወሎን ባሕር ይመልከት። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ ከተጨመረበት በኋላ፥ ቀድሞ በውስጡ የነበረው የውሃ ቁንጫ የሚባለው ፍጥረት ትልቁ ዓይነት ጠፋ፤ የውሃውም ጥራት ቀነሰ። ዓሣው ለሕዝቡ መብል ሆኗል፤ ነገር ግን ዓሣ የገባበት ውሃ እንደ ቀድሞው እንደማይቀር ይህ ምስክር ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ወረዳ ብዙ ኩሬ ከማስቆፈሩ በፊት፥ በሰበታ ካለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ምክር ጠይቆ፥ ሁለት ወይም ሦስት ወጣቶችን በአንዲት ትንሽ መፈልፈያ ቢያሠለጥን ይሻላል። የተረፈው ጨዋማ ውሃም በመስኖ ወደሚለማው እርሻ እንዳይደፋ ይጠበቅ። ለበላይ የሚላከውም ወረቀት የኩሬውን ብዛት ሳይሆን በሕይወት የተረፈውን ጫጩት ይቁጠር።