«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ያለው የትኛው ፓርላማ ነው?

መርካቶ ግቡ፣ ቦሌ ሂዱ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትል ወረቀት ከባንኮኒው ጀርባ አትጠፋም። አሁን ደግሞ ቴሌግራም ገብታለች። ለመሆኑ ይህ ሕግ ነው እንዴ?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የሚለው ሌላ ነው። ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ «ወይ ለውጥልኝ፣ ወይ ገንዘቤን መልስልኝ» እንዲል መብት ሰጥቶታል። ዕቃ አገላብጦ ያየ፣ ዋጋ የተከራከረ ሰውም ለመግዛት እንዳይገደድ ደንግጓል።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሱቅ የሄደ ሰው ያያል፣ ይነካል፣ ይለካል፣ ከዚያ ይከፍላል። በስልክ የሚገዛው ግን ከፍሎ ነው የሚያየው። እኔ ራሴ «ንጹሕ ቆዳ» የተባለ ጫማ አዝዤ ፕላስቲክ መጣልኝ። ሱቅ ብሆን ነክቼው ጥዬው እወጣ ነበር። ሻጩ ግን «ወንድሜ፣ አይመለስም ብለን ጽፈናል» አለኝና ብሎክ አደረገኝ።

የአውሮፓ ኅብረት ይህችን ቀድሞ ነቅቶባታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ በኢንተርኔት የገዛ ሰው ዕቃው እጁ ከገባ በኋላ 14 ቀን አለው። ምክንያት ሳይጠየቅ ይመልሳል። በልክ የተሰፋ ልብስና ቶሎ የሚበላሽ ምግብ አይጨምርም። ሱቅ ውስጥ የነበረውን አይቶ የመተው መብት ቤቱ ድረስ አመጡለት ማለት ነው።

ነጋዴው «ለሠርግ ለብሰው ይመልሱብኛል» ይል ይሆናል። እውነት አለው። ያልተለበሰ ይሁን፣ የመመለሻውን ማጓጓዣም ገዢው ይክፈል። አውሮፓም የሚደረገው በአብዛኛው እንዲሁ ነው።

እኛ ጋስ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትንና የከፈላችሁበትን መልእክት አታጥፉ። ግን ይዛችሁት ወዴት ትሄዳላችሁ? ለሸማቹ ጥበቃ ቆሞ የነበረው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛወረ። ለአንድ ጫማ ብሎ የሚኒስቴር ደጅ የሚጠና ማነው? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም!

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሳያይ ለከፈለ ሰው ዕቃውን አይቶ የሚመልስበት ቀን በሕግ በግልጽ ይቀመጥለት። አቤት የሚልበት ጠረጴዛም በየክፍለ ከተማው ይኑረው። እስከዚያው ግን ወገኖቼ፣ ዕቃው ሲደርስ ፈትታችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። «መጀመሪያ ክፈል» የሚለውን ሻጭ እለፉት።