350 ቢሊዮን ዶላር በሰው ሲካፈል

የገና ዕለት ቡና ላይ የተነሣው ክርክር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ዲሞክራቶች ይቀጥል ያሉት የኦባማኬር ተጨማሪ ድጎማ አገር ያከስራል ወይስ አያከስርም? አንዱ ወጣት «ጋሼ፣ 350 ቢሊዮን ዶላር እኮ ነው!» አለኝ። ልጆቼ፣ የሒሳብ አስተማሪያችሁን ታውቁታላችሁ፤ ቁጥር ሲጠራ ዝም አልልም።

ቁጥሩስ ትክክል ነው። የኮንግረሱ የበጀት ቢሮ፣ ድጎማው ቋሚ ቢሆን የበጀት ጉድለቱ ይህን ያህል ይጨምራል ብሏል። ግን በአሥር ዓመት ነው። በዓመት 35 ቢሊዮን፣ ለ340 ሚሊዮን ሕዝብ ሲካፈል በሰው መቶ ዶላር ገደማ። በ2025 የሪፐብሊካኖቹ የታክስ ሕግ በዚያው ቢሮ ስሌት 3.4 ትሪሊዮን ጉድለት ሲጨምር ይሄ ልጅ የት ነበር?

ወደ ቤታችን እንምጣ። አጠገቤ የተቀመጠው ወዳጄ 61 ዓመቱ ነው፤ ኡበር ይነዳል። እኩያው የሆነችው ባለቤቱ አረጋውያን ትንከባከባለች። ሁለቱም ከሥራቸው ኢንሹራንስ የላቸውም። በ2026 ይገባናል ብለው የገመቱት 85,000 ዶላር ነው። በድሮው ሕግ ለመደበኛው ፕላን ከገቢያቸው 8.5 በመቶ፣ በወር 600 አካባቢ ነበር የሚከፍሉት። ለ2026 የሁለት ሰው ገደብ 84,600 ሆነ፤ ከዚያ ካለፉ ምንም የለም። በ400 ዶላር በማለፋቸው የመጣባቸው ክፍያ በወር ከ2,300 በላይ! ሰውየው ስኒውን አስቀምጦ «እንግዲህ የደም ግፊት መድኃኒቴን እየገዛሁ መጸለይ ነው» አለ።

ቢወድቅስ? እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ሕግ ድንገተኛ ክፍል የደረሰን ሰው ገንዘብ የለህም ብሎ መመለስ አይቻልም። ያ ወጪ ዞሮ ሌላ ሰው ላይ ይወድቃል።

ዲሞክራቶቹንም አልለቃቸውም። ድጎማው 2025 መጨረሻ ላይ እንዲያበቃ የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ ወጪው በወረቀት አነስ ብሎ እንዲታይላቸው ይመስለኛል። ደግሞ ድጎማ ዋጋ አይቀንስም፤ ኩባንያው የጠየቀውን መንግሥት ይሞላለታል እንጂ። የሆስፒታሉን ዋጋ ካልነኩት ያ መቶ ዶላር እያደገ ይሄዳል። ይህን ለወጣቱ አምኜለታለሁ። እሱ ግን ስለ 400 ዶላሯ እስካሁን አልመለሰልኝም።

የ2026 ምዝገባ በአብዛኞቹ ስቴቶች የተዘጋው ጃንዋሪ 15 ነበር። ገቢያችሁ ገደቡ ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ለጡረታ የምታስቀምጡት ገንዘብ ከገደቡ በታች ሊያወርደው ይችላልና ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ጠይቁ። እኔም ነገ ወዳጄን ይዤው እሄዳለሁ።