የድንጋይ ከሰልና የፈንገስ ትረካ

ስለ ድንጋይ ከሰል አፈጣጠር በሚሰጡ ትምህርቶች አንድ ማብራሪያ ሥር ሰዷል። ከ359 እስከ 299 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በነበረው የካርቦኒፌረስ ዘመን፣ እንጨትን የሚያጠነክረውን ሊግኒን የሚያፈርስ ፈንገስ ገና ስላልነበረ ግንዱ ሳይበሰብስ ተከማችቶ ከሰል ሆነ ይላል። ማብራሪያው ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ከማስረጃው ጋር ግን አይስማማም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የፈንገሶችን ዘረመል ያነጻጸረ ጥናት እነዚህ ፈንገሶች በዘመኑ ማብቂያ ገደማ እንደተነሡ በመገመቱ ሐሳቡ ተጠናክሮ ነበር። በ2016 ግን ኔልሰንና ባልደረቦቹ ተቃራኒውን አሳዩ። ለዘመኑ ከሰል ብዙውን ያበረከቱት ሊኮፕሲድ የተባሉት ዛፎች ወፍራም ቅርፊታቸው ሊግኒን ያነሰው ነበር፤ ከሰልም ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት መፈጠሩን አላቋረጠም። የክምችቱ ምክንያት እርጥብ የአየር ንብረትና የሚሰምጥ ተፋሰስ በአንድነት መገኘታቸው ነው።

ሂደቱም ይህንኑ ይደግፋል። የዕፅዋት ቅሪት ውኃ በተኛበት ረግረግ ሲወድቅ ኦክስጅን ስለሚያጥር መበስበሱ ይገታል፤ ቅሪቱም ፒት ይሆናል። መሬቱ የሚሰምጠው እጅግ ቀስ ብሎ ከሆነ ፒቱ ለአየር ተጋልጦ ይበሰብሳል፤ እጅግ ፈጥኖ ከሆነ ረግረጉን ሐይቅ ይውጠዋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ግን ፒቱ ይወፍራል። ከዚያም ደለል ሲጫነው ሙቀትና ግፊት ውኃን፣ ኦክስጅንንና ሃይድሮጅንን እያስወጡ የካርቦኑን ድርሻ ያሳድጋሉ፤ ሊግናይት፣ ቢቱሚናስ፣ በመጨረሻም አንትራሳይት ይገኛል።

የኢትዮጵያ ከሰል ለክርክሩ ጥሩ ምስክር ነው። በጎንደር አቅራቢያ የሚገኘው የጭልጋ ክምችት ዕድሜው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በ2012ቱ ግምት እንኳ ቢሰላ፣ ያ ደን ሲበቅል ሊግኒን አፍራሽ ፈንገሶች ከ250 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ኖረዋል። ቅሪቱን ያተረፈው የፈንገስ አለመኖር ሳይሆን በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል የተኛው ውኃ ነው። ያዩና ደልቢ-ሞዬም ከካርቦኒፌረስ እጅግ ዘግይተው የተፈጠሩ ናቸው።

ፈንገሶች በመበስበስ ያላቸው ድርሻ አይካድም። ሆኖም የፈንገሱን ትረካ የተማረ ተማሪ የአገሩን ከሰል ሊያስረዳ የማይችለው እንግዳ ነገር አድርጎ ያየዋል፤ በፍለጋም ጊዜ ከተፋሰሱ ታሪክ ይልቅ የአለቱን ዕድሜ ያስቀድማል። ስለዚህ የመማሪያ ጽሑፎች ትረካውን እንደ አንድ የተፈተነና የተረታ መላምት ሊያቀርቡት፣ የመጀመሪያውንም ጥያቄ መሬቱ የት ሰመጠ፣ ውኃውስ ምን ያህል ጊዜ ተኛ በሚለው ሊተኩት ይገባል።