ኮምፒውተራችንም ሳይቃጠል በቅጠል

ባለፈው ሴሚስተር አሞራ ገደል ወርጄ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ያደረግኩትን ቃለ ምልልስ ለሬዲዮ ዝግጅት ሳቀናብር አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል ላፕቶፔ እንደ ምጣድ ግሎ ድርግም አለ። ሴቭ ካደረግኩ ሁለት ሰዓት አልፎኝ ነበር። ጠዋት መምህሬን ምን ልበል? “ኮምፒውተሬ ጠፋብኝ” የሚለው ሰበብ እንደሆነ እኛ ክፍል ካረጀ ቆይቷል።

ጥገና ቤት ስወስደው “ቦርዱ አልቆለታል፣ ሌላ ግዛ” ተባልኩ። በየትኛው ብር? ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር የዶርም ጓደኛዬ ግን ከፍቶ አየውና “አይ አንተ፣ ይሄ እኮ ሞት አይደለም፣ ትኩሳት ነው” አለኝ። ፋኑ በአቧራ ታፍኖ ነበር። አጸዳው፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ቀየረው፤ ቀጥሎም የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ትንሽ ዝቅ አደረገው።

እንዴት ሊሆን ይችላል? አምራቾች ደካማዋ ቺፕ እንኳ እንድትሰራ ብለው ለሁሉም ትርፍ ቮልቴጅ ይመድባሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ባነሰም ይሰራሉ። ፕሮሰሰሩ በስራ ላይ የሚፈጀው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው፤ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢቀንስ ኃይሉ፣ ፍጥነቱ ሳይነካ፣ በ19 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሁሉም ቺፕ ይህን ያህል ይችላል ማለት ግን አይደለም። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋኑ ሙቀት የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል። የበጋው ሙቀትና አቧራ ሲጨመርበት አስቡት!

“ቮልቴጅ መነካካት አያቃጥልም ወይ?” የሚሉ አሉ። የሚያቃጥለው መጨመሩ ነው። መቀነስ ሲበዛ ኮምፒውተሩ ይደርቃል ወይም ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል፤ ፋይልም ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የስራችንን ቅጂ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ በ10 ሚሊቮልት በ10 ሚሊቮልት እየቀነሱ መፈተሽ፣ ሲደናበር ወደ ኋላ መመለስ። ማስረከቢያ ቀን ዋዜማ ላይ ግን በፍጹም! ሁሉም ማሽን እንደማይፈቅድም ልብ በሉ፦ በ2019 እ.ኤ.አ. ፕለንደርቮልት የተባለው የደህንነት ክፍተት ይፋ ከሆነ በኋላ በብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ይህ ማስተካከያ ተቆልፏል። ለእነዚህ ጽዳቱ ብቻውን ብዙ ይረዳል።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ የካሜራ ሌንስ መጥረግ የሚያስተምረን ትምህርት ክፍል፣ ኮምፒውተር ማቀዝቀዝንም ያስተምረን። በየሴሚስተሩ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ጋር ሆነን ፋን ብናጸዳ፣ ሙቀት ብንለካ፣ ቮልቴጅ ማስተካከል ብንለምድ ምን ይጎዳናል? እኛ ተማሪዎችም “ቴክኒኩ የነሱ ነው” ማለቱን እንተው። እነዚያ ዓሣ አጥማጆች ሰዓታቸውን ሰጥተው ያወሩኝ ድምፃቸው እንዲሰማ ነው። ድምፃቸው በአቧራ ምክንያት ቢቀር ተጠያቂው ላፕቶፑ ሳይሆን እኔ ነኝ።

የኔው አሮጌ ላፕቶፕ ዛሬም አለ፤ ይህንንም የጻፍኩት በሱ ነው።