ከማሽኑ በፊት አሠራሩ፦ የሳይንስ መረጃ መንገድና የዳያስፖራው ድርሻ

በሴፕቴምበር 2020 መጨረሻ በእንግሊዝ 15,841 ሰዎች በኮቪድ-19 መያዛቸው በምርመራ ተረጋግጦ ሳለ፣ ቁጥራቸው በዕለታዊው ሪፖርት ሳይካተት ቀረ። ታማሚዎቹ ውጤታቸው ተነግሯቸው ነበር። ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን የሚያፈላልጉት ሠራተኞች ግን ዝርዝሩ በጊዜው አልደረሳቸውም። ጉድለቱ የላቦራቶሪው አልነበረም። ከላቦራቶሪዎች የሚመጣው መረጃ ወደ ማዕከላዊው ቋት ሲተላለፍ ያለፈበት የቆየ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ መስመሮችን ብቻ የሚይዝ ነበር፤ የተረፈው ማንም ሳያስተውል ተቆርጦ ወደቀ።

ክስተቱ የደረሰው በድሃ አገር ወይም ባለሙያ በጠፋበት ተቋም አይደለም። መሣሪያው ዘመናዊ፣ በጀቱም ሰፊ ነበር። የተበጠሰው በመሣሪያውና በውሳኔ ሰጪው መካከል ያለው መንገድ ነው። የሳይንስ አቅም ግንባታ ሲነሣ ግን የመዋዕለ ንዋይ ውይይቱ በአብዛኛው የሚያተኩረው በማሽኑ ላይ ነው፤ መንገዱ ራሱን ችሎ እንደሚሠራ ተደርጎ ይታለፋል። የኢትዮጵያን የምርምር ተቋማት ለመደገፍ የሚጥሩ የዳያስፖራ ባለሙያዎች ይህን ቅደም ተከተል ሊገለብጡት ይገባል።

መንገዱን መጻፍ

ለአብነት የአንድን በሽታ አምጪ ተሕዋስ ዘረመል የሚያነብ ቤተ ሙከራ መውሰድ ይቻላል። ከማሽኑ የሚወጣው ጥሬ መረጃ በመጀመሪያ ጥራቱ ይመረመራል፤ ቀጥሎ የማይረባው ይበጠራል፤ የቀረው ከማመሳከሪያ ጂኖም ጋር ይነጻጸራል፤ ከዚያ ልዩነቶቹ ተለቅመው ይመዘገባሉ፤ በመጨረሻም ሠንጠረዥና ሥዕል ሆኖ ለጤና ባለሥልጣኑ ይቀርባል። እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ሶፍትዌር፣ ሶፍትዌሩም የራሱ ስሪትና መለኪያ አለው። ናሙናው አምስት ሲሆን አንድ ታታሪ ተማሪ ትእዛዞቹን በእጁ እየጻፈ ይወጣዋል። አምስት መቶ ሲሆን ግን የትኛው ፋይል በየትኛው ስሪት እንደተሠራ የሚያስታውስ አይኖርም። ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ ደግሞ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ ነው።

የሥራ ፍሰት ሥርዓት፣ በተለምዶ ፓይፕላይን የሚባለው፣ ይህን ችግር የሚፈታው አሠራሩን ራሱን ሰነድ በማድረግ ነው። ተመራማሪው እያንዳንዱ እርምጃ ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚያወጣና በየትኛው ሶፍትዌር እንደሚከናወን በጽሑፍ ይደነግጋል። ቅደም ተከተሉን ማስላት፣ ጎን ለጎን ሊሄዱ የሚችሉትን ሥራዎች በአንድ ጊዜ ማስኬድ፣ የወደቀውን ለይቶ ማሳወቅ፣ ያለቀውን ሳይደግም ከተቋረጠበት መቀጠል የሥርዓቱ ፋንታ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላቦራቶሪ በ1976 ለሶፍትዌር ግንባታ የሠራው «ሜክ» የተባለ መሣሪያ በዚሁ መርሕ ይሠራ ነበር። መርሑን ወደ ሥነ ሕይወት ያሻገሩት በ2012 ይፋ የሆነው «ስኔክሜክ» እና በባርሴሎና ተሠርቶ በ2013 የወጣው «ኔክስትፍሎው» በነጻ የሚገኙ ናቸው። በፊዚክስም በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበውን የስበት ሞገድ ከመረመሩት የሊጎ ስሌቶች መካከል ዋና ዋናዎቹ «ፔጋሰስ» በተባለ የሥራ ፍሰት ሥርዓት የሚመሩ ነበሩ።

አንድ መረጃ፣ ሁለት መልስ

የጉዳዩን ክብደት በደንብ የሚያሳየው የኔክስትፍሎው ሠሪዎች በ2017 ያሳተሙት ጥናት ነው። የሊሽማኒያ ጥገኛ ተሕዋስን ጂኖም በአንድ ዓይነት ሶፍትዌር፣ ከአንድ ዓይነት መረጃ ተነሥተው በሁለት የተለያዩ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወናዎች ላይ ተነተኑ። ውጤቱ አንድ አልሆነም፤ የተገኙት የጂኖች ብዛት ከማሽን ማሽን ተለያየ። ሶፍትዌሩ ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ጋር «ኮንቴይነር» በሚባል ጥቅል ታሽጎ በሥራ ፍሰቱ ሲመራ ግን ልዩነቱ ጠፋ።

ሊሽማኒያ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። የተሕዋሱ የቅርብ ዘመድ በመተማና በሑመራ ቆላ የጉልበት ሠራተኞችን የሚያጠቃውን ካላዛር ያመጣል። ነገ የመድኃኒት መላመድን የሚመለከት ውሳኔ ከእንዲህ ዓይነት ትንተና ተነሥቶ ቢወሰን፣ መልሱ ተንታኙ በያዘው ላፕቶፕ ዓይነት የሚለወጥ መሆን የለበትም።

በአህጉሩ ጅምሩ አለ። በ2012 የተመሠረተውና ማዕከሉ በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የነበረው የአፍሪካ የባዮኢንፎርማቲክስ ኔትወርክ «ኤች-ስሪ-ኤ-ባዮኔት» አራት የጂኖም ትንተና የሥራ ፍሰቶችን አዘጋጅቶ በ2018 አሳትሟል። መነሻው በየአገሩ ያለው ኮምፒውተር የተለያየ መሆኑ ነበር። አንዱ ጋ ያለው አንድ ሰርቨር ነው፤ ሌላው ክላስተር አለው፤ ሦስተኛው ክላውድ ይከራያል። አሠራሩ አንድ ጊዜ ተጽፎ በሁሉም ዘንድ መሄድ ነበረበት።

ለአዲስ አበባ፣ ለጎንደር፣ ለጅማ

ለኢትዮጵያ ጥቅሙ በሁለት ነገሮች ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። አንደኛው ኤሌክትሪክ ነው። ሦስት ቀን የሚፈጅ ስሌት በሁለተኛው ቀን መብራት ቢሄድበት፣ በእጅ የተጻፈ ስክሪፕት ብዙውን ጊዜ ከዜሮ ይጀመራል፤ የሥራ ፍሰት ሥርዓት ግን ያለቁትን እርምጃዎች አውቆ ከቀረው ይቀጥላል። ለበርሊን ተመራማሪ ይህ ምቾት ነው፤ መብራት ለሚቆራረጥበት ተቋም ግን በመሥራትና ባለመሥራት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሁለተኛው የመረጃ ሉዓላዊነት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን የግል መረጃ አያያዝ በሕግ ሥር አስገብቷል። ይሁንና ትንተናው የሚችለው ሰው ጋ ብቻ የሚቀር ከሆነ፣ መረጃው ችሎታው ወዳለበት ወደ ውጭ መጓዙ አይቀርም። የተጻፈና የታሸገ የሥራ ፍሰት ይህን አቅጣጫ ይገለብጣል፤ መረጃው ባለበት ይቀመጣል፣ የሚጓዘው አሠራሩ ነው። ስቶክሆልም ያለ ባለሙያ የአንድም ታካሚ ፋይል ሳይነካ ለጎንደር የሚሆን የሥራ ፍሰት ሊያዘጋጅ፣ ሊፈትሽና ሊያርም ይችላል።

ተቃውሞውና ወሰኑ

ሁለት ተቃውሞዎች ሚዛን ይደፋሉ። የመጀመሪያው የሥራ ፍሰት ሥርዓት ስሕተትንም በታማኝነት ይደግማል የሚል ነው። እውነት ነው፤ የተሳሳተ መለኪያ በአምስት መቶ ናሙና ላይ ያለ ድካም ይሠራል። ነገር ግን የተጻፈ ስሕተት ይገኛል፣ ይታረማል፣ ስሌቱም እንደገና ይሄዳል። በቃል የተላለፈ ስሕተት ግን መኖሩ እንኳ አይታወቅም።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። ዝግጁ ፓይፕላይን ውስጡን ሳይረዳ ቁልፍ የሚጫን ትውልድ ሊያፈራ ይችላል። ኮንቴይነሮቹም መጀመሪያ የሚወርዱት በኢንተርኔት በመሆኑ ጥገኝነቱ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። መልሱ ሰው ነው። ሥርዓቱን የሚጠብቅ፣ የሚያስተምርና የጥቅሎቹን ቅጂ በአገር ውስጥ የሚያኖር፣ ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህ የሥራ መደብ በምርምር በጀቶች ውስጥ በቀላሉ የሚዘነጋ ነው፤ ስሙ በመጽሔት ላይ አይወጣም፣ የሚመረቅ ሕንፃም የለውም።

ምን ይደረግ?

የዳያስፖራው ድጋፍ ለዓይን የሚሞላ ነገር ይመርጣል። ሰርቨር ይላካል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ማሽኑን የሚያስኬድ ሰው ግን በውሉ ውስጥ አይገኝም። ከዚህ ይልቅ ሦስት ነገሮች ርካሽም ዘላቂም ናቸው። የምርምር ገንዘብ በሚገመግሙ ኮሚቴዎች ውስጥ የተቀመጡ ባለሙያዎች፣ የሚደገፍ ትንተና ሁሉ በሥራ ፍሰት መልክ ተጽፎ በአገሩ ተቋም እንዲቀመጥ በውል ሊጠይቁ ይችላሉ። ገንዘብ የሚያሰባስቡ ማኅበራት ከአንድ ማሽን ዋጋ የተወሰነውን ለአንድ ባለሙያ የሁለት ዓመት ደመወዝ ማዋል ይችላሉ። በሙያው ያሉት ደግሞ በየሳምንቱ ጥቂት ሰዓት ሰጥተው የተጻፈውን ኮድ በርቀት መገምገም ይችላሉ።

በእንግሊዝ የተቆረጡት መስመሮች የተገኙት በሳምንት ውስጥ ነበር፤ የሚፈትሽ ሰው ስለነበረ። አሠራሩ በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ ባለበት ተቋም ተመሳሳይ ጉድለት ለዓመታት ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል። ቀጣዩን ሰርቨር ለመግዛት ውል የሚፈርም ሰው ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ የመጀመሪያው ስሌት ከሄደ በኋላ፣ ያስኬደው ሰው ሳይኖር ሁለተኛውን የሚደግመው ማን ነው?