ቅጠል ነው፤ ምን ይጎዳል?

«መድኃኒት» የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው። ከግእዙ «ድኅነ» የመጣ ነው፤ ዳነ ማለት ነው። ነገር ግን «መድኃኒት አደረጉበት» ሲባል የሰማ ሰው ስለ ፈውስ እየተወራ ነው ብሎ አያስብም። የቀደሙት ሰዎች የሚያድነውንና የሚያጠፋውን በአንድ ስም መጥራታቸው ከቃል ድህነት አይመስለኝም። የሚያድን ነገር ሁሉ መጉዳትም እንደሚቻለው ስለሚያውቁ ነው።

ይህን ማስተዋል እኛ የጣልነው ይመስለኛል። ውፍረታቸውን ለመቀነስ ከሚደክሙ ወዳጆቼ አፍ ደጋግሜ የምሰማው አንድ አባባል አለ፤ «ቅጠል ነው፤ ምን ይጎዳል?» ሐኪም ያዘዘውን ኪኒን ይፈሩታል፤ «ተፈጥሯዊ» ተብሎ የተጻፈበትን ሻይና እንክብል ግን ሳይጠይቁ ይውጡታል። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ በዚህ ነገር ምን ጥልቅ አደረገው የሚለኝ ቢኖር፣ ጉዳዩ የአንድ ቅጽል ጉዳይ ነው እላለሁ። ቅጽል ሲያታልል ዝም ማለት ደግሞ አይሆንልኝም።

ለመሆኑ ቅጠል አይጎዳም ያለን ማን ነው? እኛ እኮ የኮሶ አገር ልጆች ነን። ኮሶ ትሉን ያወርዳል፤ ከመጠን ሲያልፍ ግን የዓይን ብርሃን ሊያሳጣ እንደሚችል ሐኪሞች መዝግበዋል። በብዙ «ማቅጠኛ ሻዮች» ውስጥ ያለው ሰነ መኪም ሆድ ያስኬዳል እንጂ ስብ አያቀልጥም፤ ሚዛኑ ላይ የጎደለው ውሃ ነው። ኤፌድራ የተባለው ተክል በቻይና ለብዙ ዘመናት መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። በአሜሪካ ክብደት መቀነሻ ተብሎ ሲቸበቸብ ግን ልብና ደም ሥር ጎዳ። እ.ኤ.አ. በ2003 የቤዝቦል ተጫዋቹ ስቲቭ ቤክለር በ23 ዓመቱ በሙቀት ምት ሲሞት፣ ኤፌድራ አስተዋጽኦ እንዳደረገ አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪም ተናገሩ። በ2004 ተከለከለ። እዚያው አገር፣ ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ሰፕሊመንት ገበያ ከመውጣቱ በፊት ፈዋሽነቱን ለመንግሥት እንዲያስመሰክር አይገደድም።

የሐኪም መድኃኒትስ ንጹሕ ነውን? አይደለም። ፌንፍሉራሚን የልብ በር እያበላሸ በ1997 ከገበያ ወጥቷል። ሲቡትራሚን የልብ ድካምና የስትሮክ አደጋ በመጨመሩ በ2010 ተከትሎታል። ልዩነቱ ግን ጥፋታቸው ተቆጥሮ፣ ተመዝግቦ፣ መባረራቸው ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ቀጥሎ የሆነው ነው። የተባረረው ሲቡትራሚን ስሙን ሰውሮ፣ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» በሚሉ እንክብሎች ሆድ ውስጥ ተደብቆ ደጋግሞ ተገኘ። መድኃኒት የሸሸው ሰው ያንኑ መድኃኒት፣ ያውም የተከለከለውን፣ መጠኑ ሳይነገረው ዋጠው ማለት ነው።

ዛሬ ዓለም የሚያወራላቸው በመርፌ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም ቢሆኑ ከተፈጥሮ የራቁ አይደሉም። በ2005 የጸደቀው የዚህ ቤተሰብ በኵር፣ ኤክሴናታይድ፣ መነሻው ጊላ የተባለች የበረሃ እንሽላሊት መርዝ ውስጥ የተገኘ ንጥረ ነገር ነው። በ2021 ለክብደት መቀነሻ የተፈቀደው ሴማግሉታይድ በአንድ ትልቅ ጥናት በ68 ሳምንታት የተሳታፊዎቹን ክብደት በአማካይ 15 በመቶ ያህል ቀንሷል። ያው ጥናት መድኃኒቱን ባቆሙ በዓመቱ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን እንደመለሱ አልደበቀም። ማቅለሽለሹም፣ ማስጠንቀቂያውም በወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ዋጋውም ለብዙው ሰው የማይቀመስ ነው።

እንግዲህ ምረጥ ብባል፣ ምርጫዬ በቅጠልና በኪኒን መካከል አይደለም፤ በሚታወቀውና በማይታወቀው መካከል ነው። ምን አለበት? ምን ያህል? ቢጎዳኝ ማን ይጠየቃል? እነዚህን ሦስቱን የሚመልስልኝ ሐኪም ፊት ቁጭ ብዬ፣ ጉዳቱንም ጭምር ሰምቼ ብወስን እመርጣለሁ። አንዳንዴ መልሱ ሁለቱም አያስፈልጉህም፣ ማዕድህንና እርምጃህን አስተካክል ይሆናል፤ ይህም መልስ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ተረታችን። በሽታውን የደበቀስ ራሱን ጎዳ። ይዘቱን የደበቀ መድኃኒት ግን የሚጎዳው ሌላውን ነው፤ «ተፈጥሯዊ» የምትለዋን ቃል አምኖ የገዛውን።